ጡረታ በአዋሽ በረሃ

በረሃ የሚለው ቃል በደገኛ ጆሮ ሲገባ መልካም ድምፅ የለውም። ሰው ከወገኑ ተለይቶ የጠፋ እንደ ሆነ «በረሃ ገባ» ይባላል፤ ነጋዴም ኪሳራውን ሲያወራ፣ ወታደርም መከራውን ሲተርክ በረሃን ሳያነሣ አያልፍም። ወባው፣ ንዳዱ፣ ጥሙና እባቡ አስቀድሞ ይነገራል እንጂ የንጋቱ ጸጥታና የሌሊቱ ሰማይ ከቍጥር አይገባም። ስለዚህም በ2009 ዓ.ም. የመምህርነት ሥራዬን ፈጽሜ ጡረታ በወጣሁ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወርደን ልንኖር ነው ብዬ ለወዳጆቼ ብነግራቸው ግማሾቹ ቀልድ መሰላቸው፤ ግማሾቹም ከልጆቼ ጋር ተጣልቼ እንደ ሆነ በሹክሹክታ ጠየቁ። ውድ አንባቢያን፣ ከማንም ጋር አልተጣላሁም። ዓለምን ንቄ የመነንሁም አይደለሁም፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የሚጠጣ ሰው መናኝ ሊባል አይችልም።

ነገሩ የተጀመረው በባለቤቴ ጕልበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ በገባ ቍጥር ቍርጥማቱ ይነሣባትና ከአልጋ ለመውረድ ግድግዳ ትይዝ ነበር። ያያት ሐኪም መድኃኒቱን ከጻፈ በኋላ፣ በደረቅና በሞቃት አገር ዘመድ ካላችሁ ክረምቱን እዚያ ብታሳልፍ ይሻላታል አለን። ዘመድ አልነበረንም። ነገር ግን እኔ በወጣትነቴ ለማስተማር ወደ ድሬ ዳዋ ስመላለስ ባቡሩ በአዋሽ ጣቢያ ለምሳ ይቆም ነበርና ያ ቦታ በልቤ ቀርቶ ኖሯል። ባቡሩ የአዋሽን ገደል በድልድይ ሲሻገር አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ከሥር የሚታየውን ቡናማ ውኃ ቁልቁል እመለከት፣ እዚህ አንድ ሳምንት ባድር እያልሁም እመኝ ነበር። እነሆ ምኞቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ደረሰ። ለአንድ ክረምት ብለን ወረድን፤ ክረምቱም አለፈ፤ ባለቤቴ ግን «እንመለስ» አላለችም። በከተማው የቤት ኪራይ ላይ ያልቅ የነበረው የጡረታ አበላችን በዚህ ባለ ሁለት ክፍል ቤትና አንድ ሰፊ ግቢ ሰጠን፤ በግቢውም መካከል አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ቆሟል። ለእኔ የኒሙ ጥላ ሦስተኛው ክፍል ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ላይ ካበቀላቸው ከተሞች አንዷ እርሷ ነች። ያ አሮጌ ባቡር ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ መካከል መመላለሱን ተወ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ደግሞ የተመረቀው እኛ በወረድንበት በ2009 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትቀመጥ አዋሽ ሰባት 1000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ሰው ከካፖርት ወደ ነጠላ ይወርዳል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ይህን አልሸሽግም። በዚያ ወራት ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሰውም ውሻም ዶሮም ጥላ ይዞ ዝም ይላል፤ ከጥላ የሚወጣው የቸኰለ እንግዳ ብቻ ነው።

ኑሯችን በዚህ ምክንያት ተገልብጧል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል እነሣለሁ፤ ባለቤቴ ጸሎቷን ስታደርስ እኔ ኮዳዬን ውኃ ሞልቼ፣ ከዘራዬን ይዤ እወጣለሁ። ለብዙ ዓመት የመንገድ ባልንጀራዬ በአሮጌው ባቡር ላይ ነጂ የነበሩ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ አንድ ጡረተኛ ናቸው። እርሳቸው የሐዲዱን ሰዎች ልማድ ሳይለቁ አማርኛውን ከፈረንሳይኛ ጋር እየቀላቀሉ ይናገራሉ፤ ሰዓታቸውንም በየማለዳው ያስተካክላሉ፤ እኔ ሁለት ደቂቃ ብዘገይ እንኳ «ባቡሩ ሄዷል» ብለው ብቻቸውን ይነሣሉ። በገደሉ አፋፍ አጠገብ ሁለት ሰዓት ያህል እንሄዳለን፤ ፀሐይም መንከስ ሳትጀምር እንመለሳለን። ወንዙን ባየን ቍጥር የሚናገሩት አንድ ቀልድ ነበራቸው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር ያውቃሉና፣ «መምህር፣ ይህም እንደኛ ነው፤ ጣቢያው ሳይደርስ ጡረታ ወጣ» ይሉ ነበር። ቀልዱን ስንት መቶ ጊዜ እንደ ሰማሁት ቍጥሩ ጠፍቶብኛል፤ አሁን ግን ይናፍቀኛል።

ከከተማው ምዕራብ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። ፓርኩ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ስፋቱ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በውስጡም የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ የአዋሽ ፏፏቴ፣ በሰሜንም የዘንባባ ዛፎች የከበቡት ፍልውኃ ይገኛሉ። በፓርኩ ላይ እንደ ግንብ የቆመው የፈንታሌ ተራራ ነው፤ ጫፉ ከባሕር ወለል 2007 ሜትር ከፍ ይላል። ወደ ፓርኩ በእግር የምንገባው ከጠባቂ ጋር ነው፤ ይህም በየቀኑ አይሆንም። ነገር ግን አራዊቱ ድንበሩን በካርታ አያውቁትምና ብዙዎቹን ከውጭ ሆነን አይተናቸዋል።

ከሁሉ የምወደው ሳላን ነው። ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተሣለ፣ ወንዱም ሴቷም እኩል ባለ ቀንድ ናቸው። ሳላ በቀትር በግልጽ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲታይ ሰው ለእርሱ ይደነግጥለታል። ነገሩ ግን የተመረመረ ነው። ውኃ ባጣ ጊዜ የሰውነቱን ሙቀት እስከ 45 ዲግሪ ድረስ ከፍ እንዲል ይተወዋል፤ ይህም ሌላውን እንስሳ የሚገድል ትኵሳት ነው። በላብ የሚያጠፋውን ውኃ በዚህ ያድናል። ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ግን በአፍንጫው በኩል ቀዝቅዞ ከሚመለሰው ደም አጠገብ አልፎ ስለሚበርድ ራሱ አይቃጠልም። መብሉንም በሌሊት ያበዛል፤ ደረቁ ቅጠል የሌሊቱን እርጥበት ጠጥቶ የሚለሰልሰው ያን ጊዜ ነውና። እኔ ለተማሪዎቼ ግመልን ብቻ እየጠራሁ በረሃን ማስተማሬ ትዝ ሲለኝ ይህ ውብ ፍጥረት ከመጽሐፋችን መቅረቱ ይገርመኛል። ዛሬ ሳላ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት አራዊት ጋር ተቈጥሯል።

እንሹም አለች፤ ከፍየል ግልገል የማትበልጥ፣ ከቍጥቋጦ ሥር ብቅ ብላ የምትጠፋ። እንሾች ጥንድ ሆነው በአንድ ቦታ ይኖራሉ፤ ወንዱም ከዓይኑ ጥግ የሚወጣውን ጥቁር ቅባት በቀጭን ጭራሮ ጫፍ ላይ እያኖረ «ይህ ቤቴ ነው» ይላል። እነዚህን ጭራሮዎች ማየት ያስተማሩኝ ሌላው ወዳጄ ናቸው፤ ስለ እርሳቸው ኋላ እመለሳለሁ።

ለቤተ ሰብ መጽሔት ስጽፍ አንዲት ወፍ ሳላነሣ ባልፍ ባለቤቴ ትቀየመኛለች። ምንቃሯ ቀይና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። እንቍላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ በግራር ግንድ ውስጥ ካለ ቀዳዳ ትገባና ደጁን በጭቃና በኩስ ትደፍነዋለች፤ የሚቀረው ምንቃር የምታሾልክበት ስንጥቅ ብቻ ነው። የክንፏንም ላባ በዚያው ትጥላለች። ባልየው ከውጭ ሆኖ አንበጣውንም ፍሬውንም እያመጣ በዚያች ስንጥቅ ያጐርሳታል፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ቤተ ሰቡን ሁሉ ይመግባል። እርሱ ከሞተ ቤቱ ሁሉ አደጋ ላይ ነው። አንድ ዓመት በግቢያችን ውጭ ባለ ግራር ላይ ይህ ሲሆን አየን። ባለቤቴ በየጠዋቱ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ወፉ መጥቶ እንደ ሆነ ታይ ነበር፤ አንድ ቀን ቢዘገይ ቁርሷን ሳትቀምስ ቆየች። ወደ ረፋዱ ላይ አንድ ፌንጣ ይዞ ሲመጣ «እሰይ፣ ገበያ ውሎ ነው» አለች።

በሜዳው ላይ ደግሞ ከሚበሩ ወፎች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ የሆነ፣ እግረ ረጅምና አንገተ ወፍራም ትልቅ ወፍ ይንጐራደዳል። በጀርባው ላይ አንዳንድ ጊዜ ቀይ ጽጌረዳ የመሰለች ንብ በላ ወፍ ተቀምጣ ይታያል፤ እርሱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሣውን ፌንጣ ከላይ ሆና ትቀልባለች። ባቡር ነጂው ወዳጄ «ያለ ቲኬት የምትሄድ» ይሏት ነበር። በገደሉም ግድግዳ ላይ ግራጫ ጎፈር ያላቸው ዝንጀሮዎች ያድራሉ፤ በፏፏቴው አካባቢም ከሌላው፣ ከአረንጓዴ ቡናማው ዝንጀሮ ጋር ተዋልደው ይገኛሉ። የእነዚህን የሁለት ወገን ዝንጀሮዎች ጋብቻ ለማጥናት ከሩቅ አገር የመጡ ሊቃውንት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመላለሱበት ኖረዋል። ስለ ዝንጀሮ ከዚህ የበለጠ አልጽፍም፤ የባለቤቴን ቲማቲም ስለ በሉ ፍርዴ አይታመንም።

አሁን ወደዚያ ወዳጄ ልመለስ። እኒህ ሽማግሌ አፋር ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ከቤተ ሰባቸውና ከፍየሎቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በመጀመሪያ የተዋወቅነው እኔ በማለዳ ብቻዬን ስሄድ አግኝተውኝ ነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ከመንገዱ ዳር በጕልበታቸው ቁጭ አሉና እኔም እንድቀመጥ በእጃቸው አመለከቱኝ፤ ከዚያም «ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ምንም» አልሁ። ሽማግሌው በጣም አዘኑ። ሁለት ሰዓት የሄደ ሰው ምንም አላየሁም ሲል፣ ወይ ይደብቃል ወይ ዓይኑን ቤቱ ትቶ ወጥቷል ማለት ነው።

ይህ ዳጉ የሚባለው የአፋሮች ልማድ ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው የያዙትን ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሣር፣ ስለ ውኃ ጕድጓድ፣ ስለ ጠፋ ግመል፣ ስለ ታመመ ሰው፣ ስለ ጠብና ስለ ዕርቅ። የሰማው ሁሉ ደግሞ ለሚቀጥለው ማድረስ አለበት። ጽሕፈትና ስልክ በሌለበት ዘመን ወሬው በዚህ ሁኔታ ብዙ ኪሎ ሜትር በፍጥነት ይጓዝ ነበር፤ ዛሬም ስልክ ባለበት አልቀረም። ሕጉ ጽኑ ነው፤ በዓይን የታየው ከተሰማው ጋር አይደባለቅም፤ ወሬውን ያጣመመ ሰውም ስሙ ይበላሻል። ለሠላሳ አምስት ዓመት መልክዐ ምድር ያስተማርሁ ሰው፣ በስድሳ ዓመቴ ምድርን እንደ ገና ማንበብ የጀመርሁት በሽማግሌው ፊት ነው። በማለዳ ስሄድ ኋላ እንደምጠየቅ አውቃለሁና ዓይኔን ከፍቼ እሄዳለሁ፤ የጅቡ ዱካ አዲስ ነው ወይስ የትላንት? ከርከሮው ወደ ውኃ ነው የወረደ ወይስ ከውኃ የወጣ? ግራሩ አብቧል? ንቡስ ከየት በኩል ነው የሚበር? ማታ ከኒሙ ሥር ስንቀመጥ ሽማግሌው ሁሉንም ይጠይቁኛል፤ «ጅብ አይቻለሁ» ካልሁም «ጅቡን ወይስ ዱካውን?» ይላሉ። ተማሪ ሆኜ በኖርሁበት ዘመን እንዲህ የሚፈትን መምህር አላጋጠመኝም።

የሽማግሌው ምራት የባለቤቴ ወዳጅ ሆነች። የፍየል ወተት ታመጣለች፤ ከእኛም ቡናና ስኳር ትወስዳለች፤ ሒሳቡን ሁለቱ ብቻ ያውቁታል። እኛ የግመል ወተት እንደማንጠጣ አንድ ጊዜ ሰምታ ዳግመኛ አላቀረበችልንም። የሚያስቀን ሌላ ነገር ነው። እርሷ እስላም ስትሆን ጾማችንን ከእኛ ይልቅ ታስታውሳለች፤ ረቡዕና ዓርብ በደጃችን አታልፍም፤ አንድ ጊዜም የነነዌ ጾም መግቢያ ቀን ለባለቤቴ ትዝ ሳይላት «ዛሬ ወተት ይዤ ልምጣ ወይስ ጾም ነው?» ብላ ያስታወሰቻት እርሷ ነች። በረመዳን ደግሞ ባለቤቴ የማፍጠሪያውን ሰዓት ጠብቃ እንጂ በቀን የቡና ሽታ ከቤታችን እንዲወጣ አትፈቅድም። ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

እንግዲህ እንዲህ ስንኖር የ2017 ዓ.ም. መስከረም ገባ። በሌሊት አልጋችን ተንቀጠቀጠ። ባለቤቴ ድመት መስሏት «ሂጅ!» አለች። ከዚያ በኋላ ግን ድመት እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ አልቆየንም፤ ጥቅምትን ቀለል ብሎ አልፎ በታኅሣሥ ወር እንደ ገና በረታ። አንዳንድ ቀን ደጋግሞ ይመጣ ነበር፤ የጀሪካኑ ውኃ ሲንቀጠቀጥ አስቀድመው የሚያዩት ዶሮዎቹ ናቸው። የግድግዳችን ጥግ ተሰነጠቀ። መኝታችንን ከኒሙ ሥር አወጣንና በአጎበር ውስጥ ከሰማይ በታች ማደር ጀመርን።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ለእኔ ምን እንደ ነበር ለመግለጽ ይቸግረኛል። ስምጥ ሸለቆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሥል ሠላሳ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። የምሥራቁ ምድር ከምዕራቡ በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በመካከሉም የቀለጠ ዐለት ከታች ወደ ላይ ይገፋል ብዬ ስንቱን ልጅ አስጠንቻለሁ። ልጆቹም ጽፈው፣ ተፈትነው፣ አልፈው ይሄዱ ነበር። ያ መሥመር አሁን ከአልጋዬ በታች ነበር። የቀለጠው ዐለት ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ተራራ ድረስ ባለው ምድር ሥር እየሰነጠቀ መግባቱን ሊቃውንቱ ከሳተላይት መለኪያ አወቁ። ፈንታሌ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ገደማ በጎኑ ተሰንጥቆ ቅላጭ ዐለት እንዳፈሰሰ፣ ጥቁሩም ድንጋይ እስከ ዛሬ እንደሚታይ አስተምሬ ነበርና፣ ሌሊት በጨረቃ ተራራውን ሳየው እንደ ቀድሞው አላየውም ነበር።

ታኅሣሥ 25 ቀን ስልክ ተደወለ። ሽማግሌው ናቸው፤ በዚያ ሰሞን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ዶፈን በኩል ሄደው ነበር። በከተማው ውስጥ ያን ቀን እሳተ ገሞራ ፈነዳ የሚል ወሬ ከቤት ወደ ቤት ይሮጥ ነበር፤ ሰው ዕቃውን በባጃጅ ይጭናል፤ ልጆቻችንም ከአዲስ አበባ እያለቀሱ ይደውሉ ነበር። ሽማግሌው ግን ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ በመንገድ ዳር እንደ ተቀመጥን ሁሉ በሥርዐቱ ነገሩኝ። «መምህር፣ ያየሁትን ልንገርህ። ምድር ተከፍታ ጭስ ወደ ላይ ትተፋለች፤ ጭቃና ድንጋይም አለበት። ድምፁ ብዙ ባቡር ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እሳት አለ ይላሉ፤ ይህን ሰምቻለሁ፤ አላየሁትም።» ኋላም ባለሙያዎቹ የወጣው እንፋሎትና ጋዝ እንጂ ቅላጭ ዐለት እንዳልሆነ ሲያስረዱ፣ ነገሩ ሽማግሌው እንዳሉት ሆነ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» አልኋቸው። «ፍየሎቹን እነዳለሁ» አሉ። «አንተም ሚስትህን ይዘህ ውጣ።»

በማግስቱ፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ እስከ አዲስ አበባ የተሰማው ትልቁ መንቀጥቀጥ መጣ፤ በመለኪያው ከ5 ነጥብ 5 በላይ ነበር። የበኵር ልጄ በነጋታው መኪና ይዞ ደረሰ። «አባባ፣ አልለምንዎትም፤ ይዤዎት ልሄድ ነው የመጣሁት» አለ። ባለቤቴ ዶሮዎቹን ለማን እንደምትተው ስትጨነቅ አየኋትና ለመከራከር ልብ አጣሁ። የሽማግሌው ምራት መጥታ ዶሮዎቹን ወሰደች፤ እርሷም በዚያው ሳምንት ከቤተ ሰቧ ጋር ወደ መጠለያ ተዛወረች። በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሰው ከቀየው ተነሥቷል። ባቡር ነጂው ወዳጄ ሴት ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ድሬ ዳዋ ሄዱ፤ ሲሰናበቱኝ ሰዓታቸውን አይተው «በጊዜው ነው የምንነሣው» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

ገናን፣ ጥምቀትንና ዐቢይ ጾምን በልጃችን ቤት በአራተኛ ፎቅ ላይ አሳለፍን። ምንም አልጐደለብንም። የልጅ ልጆቻችን በላያችን ላይ ይዘላሉ፤ ምራታችን እጇ መልካም ነው። ነገር ግን በማለዳ ተነሥቼ ስወጣ ከአስፋልት በቀር የምረግጠው፣ ከተሽከርካሪ በቀር የምቈጥረው አልነበረም፤ ማታም «ምን አየህ?» የሚለኝ ሰው የለም። የባለቤቴም ጕልበት እንደ ቀድሞው ግድግዳ አስያዛት። የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6 ያህል የደረሰ መንቀጥቀጥ በዚያው አካባቢ ሲከሠት ልጆቼ «አየህ!» በሚል ዓይን ተመለከቱኝ። ትክክል ነበሩ። ትክክለኛ ነገር ሁሉ ግን ሰውን አያኖርም፤ ይህን ለልጅ ማስረዳት ከባድ ነው፤ እኔም አልሞከርሁም። ያስረዳችው እናታቸው ናት። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን በምሳ ላይ ሆና፣ ማንንም ሳታይ፣ «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ነው የምሞት፤ እዚያ ግን ቆሜ ነው የምኖር» አለች። ክርክሩ በዚያው ቆመ።

መንቀጥቀጡ ከረገበ በኋላ በግንቦት ወር ወረድን። ከልጆቻችን ጋር ስምምነት አለን፤ የተሰነጠቀው ግድግዳ ፈርሶ በቀላል እንጨትና ቆርቆሮ ተሠርቷል፤ የውኃ፣ የመድኃኒትና የሰነድ ከረጢት በደጁ አጠገብ ተንጠልጥሏል፤ ማታ ማታም ሳንደውል አንተኛም። ዶሮዎቹ ከሰባት ሦስቱ ተመለሱ። ወፏ የነበረችበት ግራር ደኅና ነው፤ ቀዳዳውን ግን በዚህ ዓመት ማንም አልያዘውም። ባቡር ነጂው ወዳጄ በድሬ ዳዋ ቀርተዋል፤ እግራቸው ከብዷልና የሚመለሱ አይመስለኝም። በስልክ ስንነጋገር ወንዙ እንዴት ነው ይሉኛል፤ እኔም ቀልዱን እንዲናገሩት ብዬ ዝም እላለሁ።

አሁን በማለዳ የምሄደው ብቻዬን ነው፤ ባለቤቴ ጕልበቷ ሲፈቅድላት እስከ መጀመሪያው ግራር ድረስ ትሸኘኛለች። የሽማግሌው ቤተ ሰብ እስካሁን ወደ ቀድሞ ሰፈሩ አልተመለሰም፤ ፍየሎቹ ሣር ባገኙበት በሩቅ ሰፍረዋል፤ የእርሳቸው ስልክም ከጠፋ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት ግን ምራታቸው ለገበያ መጥታ ከኒሙ ሥር ተቀመጠች። ቡና ከጠጣች በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሽማግሌው መምህርን ጠይቂ ብለው የላኳትን ቈጠረች፤ ሣሩ እንዴት ነው? ውኃው የት ደረሰ? ሳላዎቹ ወደ ሜዳው ወርደዋል ወይ?

እንዳትሳሳት ቀስ ብዬ ነገርኋት። ሣሩ በገደሉ ወዲህ ያልቃል፤ በሜዳው ላይ ግን ገና ጕልበት አለው። ውኃው ከድልድዩ ሥር ያለውን ትልቅ ድንጋይ ለቆ ወርዷል። ሳላዎቹ ወርደዋል፤ በዓይኔ ያየኋቸው አሥራ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ግልገል። ሦስተኛ ግልገል አለ ሲሉ ከጠባቂው ሰምቻለሁ፤ አላየሁትም።